የፍምና የምጣድ የእይታ ድርሻ፦ በሞንቴ ካርሎ ደረጃ በደረጃ ማስላት

የእንጀራ ምድጃ ለማሻሻል የተነሣ ሰው፣ በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የመመረቂያ ሥራውን የያዘ ተማሪም ሆነ ሐይቅ ወይም ወልድያ ላይ ምድጃ እየሠራ የሚሸጥ ባለሙያ፣ ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ፍሙ ከሚረጨው የጨረራ ሙቀት ስንት እጁ በቀጥታ ምጣዱን ያገኛል? ስንት እጁስ ግድግዳ ይመታል? መልሱ ከ0 እስከ 1 ባለ ቁጥር ይገለጻል፤ የእይታ ድርሻ እንለዋለን። የፍሙ ወደ ምጣዱ የእይታ ድርሻ 0.65 ነው ሲባል፣ ከፍሙ ፊት ከሚወጣው ጨረራ 65 በመቶው መንገድ ላይ ምንም ሳያግደው ምጣዱ ላይ ያርፋል ማለት ነው።

ቀለል ላሉ ቅርጾች የታወቀ ቀመር አለ። ጉልቻ ሲገባ፣ የማገዶ በር ሲከፈት፣ ግድግዳው ሲጎብጥ ግን ቀመር አይገኝም፤ ሲሙሌሽን ያስፈልጋል። ሲሙሌሽን ደግሞ አንድ አደገኛ ጠባይ አለው፦ የተሳሳተ ነገር ቢጽፉበትም ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩም ከ0 እስከ 1 ስለሚሆን እውነት ይመስላል። በዚህ ምክንያት ከስሌቱ ባልተናነሰ ማረጋገጫው ላይ እንቆያለን። መጀመሪያ መልሱ በቀመር የሚታወቅ ምድጃ ይሰላል፤ ፕሮግራሙ ያንን በትክክል ካገኘ በኋላ ብቻ ቀመር የሌለው ምድጃ ይሰጠዋል።

ምድጃውን መለካት

ለምሳሌ የምንወስደው ምድጃ ሦስት ገጾች አሉት። ገጽ 1 ፍሙ ነው፤ ዲያሜትሩ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ፣ ሬዲየሱ 15። ገጽ 2 የምጣዱ ሥር ነው፤ ዲያሜትሩ 60፣ ሬዲየሱ 30። በሁለቱ መካከል ያለው ከፍታ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ገጽ 3 ከፍሙ ጠርዝ ተነሥቶ እየሰፋ እስከ ምጣዱ ጠርዝ የሚወጣው ግድግዳ ነው። ግድግዳው ወደ ጎን 15፣ ወደ ላይ 20 ስለሚሄድ የተዳፋው ርዝመት 25 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የገጾቹ ስፋት የሚከተሉት ቁጥሮች በፓይ ሲባዙ የሚገኘው ነው፦ ፍሙ 225፣ ምጣዱ 900፣ ግድግዳው (15 + 30) × 25 = 1,125። ለእይታ ድርሻ የሚያስፈልገው የስፋቶቹ ንጽጽር ስለሆነ ፓይን ሳያባዙ መያዝ ይቻላል።

ከፍታው የሚለካው ከፍሙ አናት እስከ ምጣዱ ሥር ነው፤ ከምድጃው ወለል አይደለም። አመድ ሲከማች ፍሙ ከፍ ይላል፤ ከፍታውም ያጥራል። ከዚህ በታች እንደሚታየው 5 ሳንቲ ሜትር መሳሳት መልሱን በ0.1 ያህል ያዛባል፤ ይህን ደግሞ ስንት ሚሊዮን ጨረር ቢተኮስ አያርመውም።

የእይታ ድርሻ የቅርጽና የአቀማመጥ ጉዳይ ብቻ ነው። ማገዶው ባሕር ዛፍም ይሁን ኩበት፣ ምጣዱ ይጋልም ይቀዝቅዝም ቁጥሩ አይለወጥም። ደሴ ከኮምቦልቻ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ማለቷ በአየር የሚጓዘውን ሙቀት ይነካል እንጂ ይህን ቁጥር አይነካም። ሁለት ግምቶች ግን ሥር ሆነው አሉ። አንደኛው እያንዳንዱ ገጽ ጨረራን በየአቅጣጫው የሚረጨው ላምበርት እ.ኤ.አ. በ1760 ባስቀመጠው የኮሳይን ሕግ ነው የሚለው ነው (ጨረራው ከገጹ ቀጥ ብሎ ከሚነሣው መስመር ባዘነበለ መጠን በማዕዘኑ ኮሳይን ልክ ይቀንሳል)፤ ፍምና ሸክላ ለዚህ ይቀርባሉ። ሁለተኛው በመካከል ያለው አየር ጨረራን አይውጥም የሚለው ነው። ጥቀርሻ የበዛበት ነበልባል ይህን ግምት ያፈርሳል፤ ስለዚህ ስሌቱ የሚስማማው ነበልባሉ ወርዶ ፍም ብቻ ለቀረበት ጊዜ ነው።

መልሱን አስቀድሞ በወረቀት ማወቅ

ማዕከላቸው በአንድ መስመር ላይ ለሆነ ሁለት ትይዩ ክቦች ትክክለኛ ቀመር አለ። የፍሙን ሬዲየስ ሬ1፣ የምጣዱን ሬ2፣ ከፍታውን ከ፣ ከፍሙ ወደ ምጣዱ ያለውን የእይታ ድርሻ ድ12 እንበል።

ሰ = 1 + (1 + (ሬ2 ÷ ከ)²) ÷ (ሬ1 ÷ ከ)²

ድ12 = ½ × [ሰ − √(ሰ² − 4 × (ሬ2 ÷ ሬ1)²)]

በእኛ ቁጥሮች ሬ1 ÷ ከ 0.75፣ ሬ2 ÷ ከ 1.5 ነው። ሰ 6.7778 ይሆናል፤ ድ12 ደግሞ 0.6531። ከፍታውን ብቻ ብንለውጥ፦ በ10 ሳንቲ ሜትር 0.875፣ በ15 0.764፣ በ25 0.554።

የቀሩት በሁለት ሕጎች ይወጣሉ። የድምር ሕግ፦ ዙሪያው በተዘጋ ቦታ ውስጥ ከአንድ ገጽ የሚወጡ ድርሻዎች ሁሉ ተደምረው 1 ይሆናሉ። የመመላለስ ሕግ፦ የገጽ 1 ስፋት በድ12 ሲባዛ ከገጽ 2 ስፋት በድ21 ሲባዛ ጋር እኩል ነው። ፍሙና ምጣዱ ጠፍጣፋ ስለሆኑ ራሳቸውን አያዩም። ስለዚህ፦

ከፍሙ፦ ወደ ምጣዱ 0.6531፣ ወደ ግድግዳው 0.3469።
ከምጣዱ፦ ወደ ፍሙ 0.1633፣ ወደ ግድግዳው 0.8367።
ከግድግዳው፦ ወደ ፍሙ 0.0694፣ ወደ ምጣዱ 0.6694፣ ወደ ራሱ 0.2612።

እነዚህን ሰባት ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጽፈው አጠገብዎ ያስቀምጡ፤ ፕሮግራሙ የሚፈተነው በእነሱ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሁለቱ ሕጎች ብቻቸውን በቂ ናቸው። አክንባሎን እንውሰድ፦ ምጣዱ ላይ የተከደነ፣ ሬዲየሱ 30፣ ቁመቱ 16 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሾጣጣ ቢሆን ተዳፋቱ 34 ይመጣል። ምጣዱ የሚያየው አክንባሎውን ብቻ ነውና ድርሻው 1 ነው፤ ከአክንባሎው ወደ ምጣዱ 30 ÷ 34 = 0.882፣ ከአክንባሎው ወደ ራሱ 0.118። አንድም ጨረር አላስፈለገም። ሲሙሌሽን ከመክፈት በፊት ይህን መጠየቅ የብዙ ሰዓት ድካም ያድናል።

አንድ ጨረር እንዴት ይተኮሳል

የሞንቴ ካርሎ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በአሜሪካው የሎስ አላሞስ የኑክሌር ቤተ ሙከራ ለኒውትሮን ስሌት የተዘጋጀ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ከፍሙ ላይ በዘፈቀደ ነጥብ ምረጥ፣ በዘፈቀደ አቅጣጫ ጨረር ልቀቅ፣ ምን እንደመታ መዝግብ፣ ደጋግም። ምጣዱን የመቱት ለጠቅላላው ሲካፈሉ ድ12 ይገኛል። ችግሩ ያለው «በዘፈቀደ» የሚለው ቃል ላይ ነው፤ ዘፈቀደውም ሕግ አለው።

ለእያንዳንዱ ጨረር ከ0 እስከ 1 የሆኑ አራት የተለያዩ የዘፈቀደ ቁጥሮች ያስፈልጋሉ፤ ቁ1፣ ቁ2፣ ቁ3፣ ቁ4 እንበላቸው።

ደረጃ 1፣ መነሻ ነጥብ። ከማዕከሉ ያለው ርቀት ሬ = 15 × √ቁ1። ዙሪያ ማዕዘኑ 2 × ፓይ × ቁ2። ስኩዌር ሩቱ የገባው የክብ ስፋት ከሬዲየሱ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ ነው። ያለ እሱ ነጥቦቹ መሐል ላይ ይታጨቃሉ፤ ጠርዙ ባዶ ይቀራል።

ደረጃ 2፣ አቅጣጫ። ጨረሩ ከገጹ ቀጥ ብሎ ከሚነሣው መስመር የሚያዘነብልበትን ማዕዘን ዘንበል እንበለው። የዘንበሉ ሳይን √ቁ3፣ ኮሳይኑ √(1 − ቁ3) ነው። ጨረሩ የሚዞርበት ማዕዘን 2 × ፓይ × ቁ4 ነው። እዚህም ስኩዌር ሩት አለ፤ ምክንያቱም ያው ነው። ኑሰልት እ.ኤ.አ. በ1928 እንዳሳየው፣ ሬዲየሱ 1 የሆነ ክብ ላይ ነጥቦችን እኩል በትነን እያንዳንዱን በላዩ እስከተደፋው ግማሽ ሉል ቀጥ አድርገን ብናነሣው፣ ከማዕከሉ ወደ ተነሣው ነጥብ የሚሄዱት አቅጣጫዎች የኮሳይንን ሕግ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ደረጃ 1ና ደረጃ 2 ያው አንድ ሥራ ናቸው፦ ክብ ላይ ነጥብ እኩል መበተን። ይህን የያዘ ሰው ቀመሩን ቢረሳ እንኳ መልሶ ያወጣዋል።

ደረጃ 3፣ ማረፊያ። የዘንበሉ ታንጀንት √(ቁ3 ÷ (1 − ቁ3)) ነው። ጨረሩ 20 ሳንቲ ሜትር ሲወጣ ወደ ጎን 20 × ታንጀንት ይሄዳል። ያንን በዙሪያው ማዕዘን ኮሳይንና ሳይን አባዝተው ከመነሻው ሁለት ልኬቶች ጋር ይደምሩ።

ደረጃ 4፣ ፍርድ። የማረፊያው ሁለት ልኬቶች እያንዳንዳቸው ስኩዌር ሆነው ሲደመሩ ከ900 ካልበለጡ ምጣዱን መታ፤ ከበለጡ ግድግዳውን።

ፕሮግራም ከመጻፍ በፊት ሁለት ጨረሮችን በእጅ ማስላት ይጠቅማል። ቁ1 = 0.36፣ ቁ2 = 0.25፣ ቁ3 = 0.64፣ ቁ4 = 0.5 ይሁኑ። ሬ = 15 × 0.6 = 9፤ ዙሪያው 90 ዲግሪ ስለሆነ መነሻው (0፣ 9) ነው። ሳይኑ 0.8፣ ኮሳይኑ 0.6፣ ታንጀንቱ 1.333፤ የጎን ጉዞው 26.67። ቁ4 አቅጣጫውን 180 ዲግሪ ስላደረገው ማረፊያው (−26.67፣ 9) ነው፤ ከማዕከሉ 28.14 ሳንቲ ሜትር ይርቃል፣ ምጣዱን መትቷል። አሁን ቁ4ን ብቻ ወደ 0.25 ይለውጡ። ማረፊያው (0፣ 35.67) ሆነ፤ ከ30 በለጠ፣ ግድግዳ መታ። የጻፉት ፕሮግራም እነዚህን አራት ቁጥሮች በእጅ ሲሰጡት እነዚህን ሁለት መልሶች ካልመለሰ ወደፊት አይሂዱ።

በኤክሴል መሞከር

ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የማያውቅ ሰው በኤክሴል ይህንኑ መሥራት ይችላል። በመጀመሪያዎቹ አራት አምዶች የዘፈቀደ ቁጥር የሚሰጠውን ተግባር ያስገቡ። አምስተኛው ሬን፣ ስድስተኛውና ሰባተኛው የመነሻውን ሁለት ልኬቶች፣ ስምንተኛው ታንጀንቱን፣ ዘጠነኛውና ዐሥረኛው የማረፊያውን ሁለት ልኬቶች ይያዙ። ዐሥራ አንደኛው ምጣዱን ከመታ 1፣ ካልመታ 0 ይጻፍ። ረድፉን እስከ 10,000 ወደ ታች ይጎትቱት፤ የዐሥራ አንደኛው አምድ አማካይ ድ12 ነው። ኤፍ9 ቁልፍን በተጫኑ ቁጥር አዲስ 10,000 ጨረር ይተኮሳል። ከ100 ጊዜ 95 ያህሉን መልሱ በ0.644ና በ0.662 መካከል መውደቅ አለበት።

ማዕዘን በራዲያን መሆኑን ይጠብቁ። በ2 × ፓይ ፈንታ 360 ያስገባ ሰው እዚህ ስህተቱን ላያየው ይችላል፤ 360 ራዲያን 57 ዙር ያህል ስለሚዞር አቅጣጫው አሁንም እኩል የተበተነ ይመስላል። ያው ልማድ በሌላ ቀመር ውስጥ ሲገባ ግን መልሱን ይገለብጠዋል። ሌላው ነገር፣ ኤክሴል አንድ ሕዋስ በነኩ ቁጥር የዘፈቀደ ቁጥሮቹን ይቀይራል። ለሪፖርት የሚሆነውን ውጤት እንደ ቁጥር ብቻ ገልብጠው ሌላ ቦታ ያስቀምጡ፤ አለበለዚያ ሰነዱ ላይ የጻፉት ቁጥር ነገ ፋይሉ ውስጥ አይገኝም።

ስንት ጨረር ይበቃል

የአንድ ውጤት ስታንዳርድ ዲቪዬሽን፣ ማለትም ውጤቱ ከትክክለኛው ወዲያና ወዲህ የሚዋዥቅበት የተለመደ መጠን፣ √(ድ × (1 − ድ) ÷ የጨረሮቹ ብዛት) ነው። ለድ12 በ10,000 ጨረር 0.0048፣ በ1,000,000 ጨረር 0.00048 ይሆናል። ብዛቱ 100 እጥፍ ሲያድግ ስህተቱ 10 እጥፍ ብቻ ይቀንሳል፤ አንድ ተጨማሪ አኃዝ የሚገኘው በዚህ ዋጋ ነው። መልሱ በ95 በመቶ መተማመን ከ0.001 በላይ እንዳይስት ከተፈለገ 870,000 ጨረር ያህል ያስፈልጋል። ነምፓይ በተባለው የፓይተን የስሌት ጥቅል ይህ የጥቂት ሰከንድ ሥራ ነው። ረድፍ በረድፍ በሚዞር ተራ ሉፕ ግን በብዙ እጥፍ ይዘገያል፤ አራቱን ቁጥሮች አንድ ላይ በድርድር አውጥቶ ማስላት ይሻላል።

ጨረሩን ከየትኛው ገጽ መተኮስ እንደሚሻል ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከምጣዱ ወደ ፍሙ ብንተኩስ የምንለካው 0.1633ን ነው፤ በ10,000 ጨረር አንጻራዊ ስህተቱ 2.3 በመቶ ይሆናል። ከፍሙ ወደ ምጣዱ ስንተኩስ 0.73 በመቶ ብቻ ነው። እኩል ጥራት ለማግኘት ከምጣዱ በኩል ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ጨረር ይፈልጋል። ስለዚህ ከትንሹ ገጽ ይተኩሱና ሌላውን በመመላለስ ሕግ ያውጡት። ድርሻው ራሱ ትንሽ ሲሆን ዋጋው ይንራል፦ 0.01 የሆነን ድርሻ በ1 በመቶ አንጻራዊ ስህተት ለማግኘት 990,000 ጨረር ይጠይቃል።

በዘፈቀደ ቁጥር ምትክ የሃልተንን ተከታታይ (በቀመር የሚወጡ፣ ቦታውን ከዘፈቀደ ይበልጥ እኩል የሚሞሉ ቁጥሮችን)፣ ለአራቱ ቁጥሮች በመሠረት 2፣ 3፣ 5ና 7፣ ቢጠቀሙ በተመሳሳይ ብዛት የተሻለ ውጤት ይገኛል። ከላይ ያለው የስታንዳርድ ዲቪዬሽን ቀመር ግን ለእሱ አይሠራም። ተከታታዩን በዘፈቀደ መጠን እያሸጋሸጉ 10 ጊዜ አስልተው የ10ሩን ውጤቶች መበታተን ማየት ያስፈልጋል።

ረጅም ስሌት ላይ መብራት ይጠፋል። በየ100,000 ጨረሩ የተመታውን ብዛት፣ የተተኮሰውን ብዛትና የዘፈቀደ ቁጥር አመንጪው ያለበትን ሁኔታ ፋይል ላይ ይጻፉ። አመንጪው ሥራ የሚጀምርበትን መነሻ ቁጥር ብቻ ይዘው እንደገና ቢጀምሩ የመጀመሪያዎቹን ጨረሮች ደግመው ይቆጥራሉ፤ ብዛቱ ያደገ ይመስላል፣ ትክክለኛነቱ ግን ባለበት ነው። ኮምፒውተሩ በአራት ኮር ሲሠራ ለአራቱም አንድ መነሻ ቁጥር መስጠትም ያው ጥፋት ነው።

ስህተትን በአሻራው መለየት

ጨረሮቹን ሁሉ ከፍሙ ማዕከል፣ ከአንድ ነጥብ ብቻ ይልቀቁ። ትክክለኛው መልስ 900 ÷ (900 + 400) = 0.6923 ነው። ፕሮግራሙ ሌላ ከሰጠ፣ የሰጠው ቁጥር ራሱ ስህተቱን ይናገራል።

0.832 ከመጣ ሳይኑ ላይ ስኩዌር ሩት ተረስቷል፤ ሳይን = ቁ3 ተብሏል።
0.445 ከመጣ ኮሳይኑ በቀጥታ ቁ3 ተደርጓል፤ ጨረሩ በግማሽ ሉሉ ላይ እኩል ተበትኗል እንጂ የኮሳይንን ሕግ አልጠበቀም። ከሁሉ በብዛት የሚታየው ይህ ነው።
0.626 ከመጣ ዘንበሉ ራሱ 90 ዲግሪ × ቁ3 ተደርጓል።

ይህን ካለፈ በኋላ መነሻውን ወደ መላው ፍም ይመልሱት። 0.666 ከሰጠ ደረጃ 1 ላይ ስኩዌር ሩቱ ጠፍቷል። ይህ ስህተት ከትክክለኛው የሚርቀው በ0.013 ብቻ ስለሆነ በ10,000 ጨረር ከተራ መዋዠቅ በደንብ አይለይም፤ 100,000 ይተኩሱ። 0.49 አካባቢ ከሰጠ ቁ2ና ቁ4 አንድ ቁጥር ናቸው፤ እያንዳንዱ ጨረር ከማዕከሉ ወደ ውጭ ብቻ ይሄዳል።

ሁለት ማረጋገጫዎች ደግሞ ከሚገባው በላይ ይታመናሉ። የመጀመሪያው የድምር ሕግ ነው። በተዘጋ ቦታ ውስጥ የተተኮሰ ጨረር ሁሉ አንድ ነገር መምታቱ አይቀርም፤ ስለዚህ አቅጣጫው ሙሉ በሙሉ ስህተት ቢሆንም ድምሩ 1 ይሆናል። ድምሩ ከ1 ካነሰ ቅርጹ ላይ ክፍተት አለ ማለት ነው፤ 1 መሆኑ ግን የስሌቱን ትክክለኛነት አያሳይም። ሁለተኛው የመመላለስ ሕግ ነው። ይህ ጠንካራ ፈተና ነው፤ ለሁለት ትይዩ ገጾች ግን የአቅጣጫ ስህተትን አይዝም። ጨረሩ ከፍሙ ሲወጣ ያለው ዘንበል ምጣዱ ላይ ሲያርፍ ካለው ጋር እኩል ስለሆነ ስህተቱ በሁለቱም በኩል እኩል ይገባና ሚዛኑ አይዛነፍም። ስለዚህ ፈተናው ከተዳፋው ግድግዳ ጋር መሆን አለበት።

ከግድግዳው ለመተኮስ፦ ከማዕከላዊው መስመር ያለው ርቀት ሬ = 15 × √(1 + 3 × ቁ1)፣ ከፍሙ ያለው ከፍታ (ሬ − 15) × 20 ÷ 15፣ ዙሪያው እንደ ቀድሞው በቁ2። ከግድግዳው ወደ ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚነሣው አቅጣጫ ወደ ማዕከሉ 0.8፣ ወደ ላይ 0.6 ነው። ግድግዳውን ተከትሎ የሚወጣው አቅጣጫ ወደ ውጭ 0.6፣ ወደ ላይ 0.8 ነው። ሦስተኛው በዙሪያው ይሄዳል። የጨረሩ አቅጣጫ የሦስቱ ድምር ነው፦ ቀጥ ያለው በዘንበሉ ኮሳይን፣ ተዳፋቱ በሳይኑ ተባዝቶ በቁ4 ማዕዘን ኮሳይን፣ ዙሪያው በሳይኑ ተባዝቶ በቁ4 ማዕዘን ሳይን። ጨረሩ ወደ ታች ከሄደ ከፍታ 0 ላይ በ15 ውስጥ ከወደቀ ፍሙን መታ፤ ወደ ላይ ከሄደ ከፍታ 20 ላይ በ30 ውስጥ ከወደቀ ምጣዱን መታ፤ የቀረው ራሱን ግድግዳውን። 0.0694፣ 0.6694፣ 0.2612 ከወጡ አቅጣጫ አሰጣጡ ታምኗል።

ጉልቻ፣ በርና ሦስት ማዕዘኖች

ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ የእይታ ድርሻ ላይ ግን የጉልቻው መጠንና ቦታ በቀጥታ ይገባል። ለመጀመሪያ ሙከራ እያንዳንዱን ድንጋይ እንደ ሉል መውሰድ ይቻላል። ከጨረሩ መነሻ እስከ ድንጋዩ ማዕከል ያለውን ልዩነት በሦስቱ አቅጣጫዎች ያውጡ፤ እያንዳንዱን ከጨረሩ አቅጣጫ ጋር አባዝተው ይደምሩ፤ ይህን ለ እንበለው። ለ ከ0 ካነሰ ድንጋዩ ከጨረሩ ኋላ ነው። ካልሆነ፣ እስከ ማዕከሉ ካለው ርቀት ስኩዌር ላይ ለ²ን ይቀንሱ። ውጤቱ ከድንጋዩ ሬዲየስ ስኩዌር ካነሰ ጨረሩ ድንጋዩን ይነካል፤ የሚነካበት ርቀት ለ − √(የሬዲየሱ ስኩዌር − ያ ውጤት) ነው። እስከ ምጣዱ ያለው ርቀት 20 በዘንበሉ ኮሳይን ሲካፈል የሚገኘው ነው። ሁሉንም ርቀቶች አወዳድረው ትንሹን ይውሰዱ። የመጀመሪያውን የተገኘ መምቻ ወስዶ መቆም የተለመደ ጥፋት ነው፤ ከምጣዱ በስተጀርባ ያለ ነገር የተመታ ይሆናል። ድንጋዩ ፍሙ ውስጥ ከገባ ደግሞ በተሸፈነው ቦታ የወደቁትን መነሻዎች ጥለው ሌላ ይውሰዱ፤ የፍሙንም ስፋት በዚያው ልክ ይቀንሱ።

የማገዶ በር ባዶ ቀዳዳ ቢሆንም የራሱ ቁጥር ያለው ገጽ ተደርጎ ይመዝገብ። በእሱ የወጣ ጨረር አይመለስም፤ ከፍሙ ወደ በሩ ያለው ድርሻ በቀጥታ ወደ ጎጆው የሚባክነውን ያሳያል።

ቅርጹ በኮምፒውተር ተሥሎ በሦስት ማዕዘኖች ከተከፋፈለ፣ ነጥብ የሚመረጠው ማዕዘኖቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ ብለን በ (1 − √ቁ1) × ሀ + √ቁ1 × (1 − ቁ2) × ለ + √ቁ1 × ቁ2 × ሐ ነው። መምታቱን ለማወቅ ሞለርና ትረምቦር እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጡት ዘዴ ፈጣን ነው። ሦስት ነገሮችን አስቀድመው ይመርምሩ። ጨረሩ የተነሣበትን ሦስት ማዕዘን ራሱን መልሶ እንዳይመታ ከቅርጹ መጠን አንድ ሚሊዮንኛ የሚያንስ ርቀትን ይጣሉ። የገጹ ፊት ወደ ውጭ የዞረ ከሆነ ጨረሮቹ በሙሉ ከምድጃው ውጭ ይበተናሉ። ቅርጹን በሦስት ማዕዘኖች የሚይዘው የኤስቲኤል ፋይል የርዝመት መለኪያውን አይጽፍም፤ ሚሊ ሜትር እንደ ሜትር ቢነበብ የእይታ ድርሻው አይለወጥም፣ ስፋቱ ግን በሚሊዮን እጥፍ ይሳሳትና ዋቱን ያበላሻል። የራሱን ፕሮግራም መጻፍ ለማይፈልግ ሰው ኦፕንፎምና ኤልመር የተባሉት ነፃ ሶፍትዌሮች የእይታ ድርሻ የሚያሰሉ ክፍሎች አሏቸው፤ እነሱም ከላይ ባሉት ሰባት ቁጥሮች ይፈተኑ።

ከድርሻ ወደ ዋት

ፍሙ 1,000 ኬልቪን፣ ምጣዱ 500 ኬልቪን ይሁን፤ ሁለቱም ጨረራን ሙሉ በሙሉ የሚውጡ ጥቁር ገጾች እንደሆኑ እንውሰድ። የአራተኛ ኃይሎቹ ልዩነት በስቴፋን ቦልትዝማን ቋሚ፣ 5.67 × 10⁻⁸፣ ሲባዛ በካሬ ሜትር 53,156 ዋት ይመጣል። የፍሙ ስፋት 0.0707 ካሬ ሜትር ስለሆነ በ20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ከፍሙ ወደ ምጣዱ በቀጥታ የሚሻገረው 2,454 ዋት ነው። በ15 ሳንቲ ሜትር 2,870፣ በ25 ደግሞ 2,080 ይሆናል። 5 ሳንቲ ሜትር 400 ዋት ያህል ታወጣለች።

ግድግዳው ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሙቀት ወደ ውጭ የማያሳልፍ ቢሆን የተቀበለውን ሁሉ መልሶ ይረጫል፤ ከዚያም ውስጥ አብዛኛው ምጣዱን ያገኛል። የዚህ መንገድ አቅም እንደ ሁለት ተከታታይ ተቃውሞዎች ይሰላል፦ 225 × 0.3469 = 78.05፣ 900 × 0.8367 = 753.03፤ የሁለቱ ብዜት ለድምራቸው ሲካፈል 70.72። በቀጥታ ከሚሄደው 146.95 ጋር ሲደመር 217.67፤ ለ225 ሲካፈል 0.967 ይሆናል። ማለትም ከፍሙ ከሚወጣው ምጣዱን የሚያገኘው ከ65 በመቶ ወደ 97 በመቶ አደገ፤ ዋቱም ወደ 3,635። ሸክላው ገጽ ፍጹም ጥቁር ስላልሆነና ግድግዳውም ሙቀት ስለሚያፈስ የእውነተኛው ምድጃ ቁጥር ከዚህ ያንሳል። በ20 ሳንቲ ሜትር ላይ ግድግዳውን ከኋላው በአመድ ወይም ቀዳዳ በበዛበት ቀላል ድንጋይ መሸፈን የሚያተርፈው እስከ 1,180 ዋት ድረስ ነው፤ ፍሙን በ5 ሳንቲ ሜትር ማቅረብ ከሚያተርፈው ከ2 እጥፍ በላይ። ምጣዱን ዝቅ ማድረግ ደግሞ ለማገዶና ለአየር የሚሆነውን ቦታ ያጠብባል፤ ጭሱም ይበዛል። ስለዚህ የምድጃው ልኬት ከመቀየሩ በፊት የግድግዳው ጀርባ ይሞከር።